ከፍል ውሃ እስከ ጉለሌ

ጉለሌ ውስጥ፣ ከቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ብዙም ሳይርቅ፣ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ግቢ አለ። ሰፈርተኛው ግን ዛሬም ድረስ «ፓስተር» ነው የሚለው። ግቢው ውስጥ በየቀኑ ከሚሠራባቸው ነገሮች መካከል ከጠብታ ያነሰ፣ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ይገኛል። ኢንዛይም ነው፤ የዘር መጽሐፍ የሆነውን ዲኤንኤን ይገለብጣል። ውሃ ለመፍላት በሚቃረብበት ሙቀት እንኳ ቶሎ አይበላሽም፤ ምክንያቱም ወላጁ ፍል ውሃ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው።

የዚህን ነገር ታሪክ ብዙዎቻችን በቁርጥራጩ እናውቀዋለን። ፒሲአር የሚለውን ቃል ኮቪድ አስተምሮናል፤ ስለ ዳሎል በቴሌቪዥን አይተናል፤ ሻላ ዳር እንቁላል በምንጩ ሲቀቀል ያየም አለ። ቁርጥራጮቹን የሚያያይዘው ክር ግን ብዙም አይነገርም። ከሙቀት ወዳጅ ተሕዋስ አንድ መሣሪያ መዝዞ ማውጣትና የተሕዋሱን ዘረ መል በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ሙቀቱ መለወጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው በሃያ ዓመት ገደማ ተጠናቀቀ። ሁለተኛው ከዚያ እጅግ የበለጠ ትዕግሥት ጠየቀ። በአገራችን የሆነውን በዓ.ም.፣ በውጭ የሆነውንና በውጭ የታተመውን በእ.ኤ.አ. እየቆጠርኩ ሁለቱንም ሥራዎች በተራ እተርካለሁ።

1879 ዓ.ም.፦ ከእንጦጦ ቁልቁል

ጉለሌ በስሙ የኦሮሞ ጎሳ ነው፤ በአቀማመጡ የእንጦጦ ግርጌ። ንጉሥ ምኒልክ ከተማቸውን እንጦጦ ላይ በመሠረቱ ጊዜ የተራራው ብርድና የውሃ እጥረት ሰውን አስመረረ። ቁልቁል፣ ኦሮሞዎች ፊንፊኔ በሚሉት ሜዳ ላይ፣ ከመሬት የሚንፎለፎል ሙቅ ውሃ ነበር። መኳንንቱ ለቁርጥማት ይታጠቡበት ጀመር። ኋላ እቴጌ የሆኑት ወይዘሮ ጣይቱ በምንጩ አቅራቢያ ቤት እንዲሠራ ጠየቁ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት።

አገራችን ዋና ከተማዋን ያገኘችው ፍል ውሃን ተከትላ ነው ማለት ይቻላል። በዚያ ዘመን ግን አብዛኛው ሰው ሙቅ ምንጭን የመድኃኒት ወይም የበረከት ቦታ አድርጎ እንጂ የእልፍ ፍጥረታት መኖሪያ አድርጎ አይመለከተውም ነበር።

1953 ዓ.ም. ገደማ፦ ቢጫ ወባና የአይጥ ምርመራ

በ1940ዎቹ በጉለሌ የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ሥራ ጀመረ። ስሙ እስካሁን በሰፈሩ አፍ ላይ የቀረው ከዚያ ወዲህ ነው። ትልቁ ፈተናው የመጣው ከደቡብ ምዕራብ፣ ከኦሞ ወንዝ ሸለቆ ነበር። ከ1953 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል በዘለቀው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ 100,000 ያህል ሰው ታሞ 30,000 ያህሉ እንደሞተ ተገምቷል። አፍሪካ ውስጥ ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ አስከፊው ነው።

ያኔ ቫይረስን ለመለየት የበሽተኛውን ደም በአይጥ ግልገል ጭንቅላት ውስጥ መውጋትና አይጡ እስኪታመም መጠበቅ ያስፈልግ ነበር። ከገጠር የመጣ ናሙና መልስ እስኪያገኝ ቀናትና ሳምንታት ያልፋሉ። ይህን የምጠቅሰው ኋላ የሚመጣው ነገር ምን እንደቀየረ እንዲታወቅ ነው። ኢንስቲትዩቱ በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ መንግሥት ዞሮ ማዕከላዊ ላቦራቶሪና የምርምር ተቋም ሆነ።

እ.ኤ.አ. 1966–1976፦ የእንጉዳይ ምንጭ

ጉለሌ በአይጥ ስትመረምር በነበረበት በዚያው አሥር ዓመት፣ ቶማስ ብሮክ የተባለ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሎውስቶን በተባለው የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርክ በምንጮች ዳር ይመላለስ ነበር። የመጣው ሌላ ነገር ፍለጋ ነው፤ ከምንጩ የሚፈሰው ውሃ እየበረደ ሲሄድ የሚያድገው ነገር እንዴት እንደሚለዋወጥ ማየት ፈልጎ። ያገኘው ግን ማንም ባልጠበቀው ሙቀት ላይ የሚኖር ነገር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1966 መጸው፣ «የእንጉዳይ ምንጭ» ከሚባለው ውሃ ብሮክና ተማሪው ሃድሰን ፍሪዝ አንድ ናሙና ወሰዱ። በላቦራቶሪ ሲያሳድጉት 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ እየተመቸው ተባዛ። እ.ኤ.አ. በ1969 ቴርመስ አኳቲከስ ብለው ሰየሙት። ከዚያም ብሮክ ማንም ሳይንቲስት እንዲያዝዘው በአሜሪካ የተሕዋስያን ክምችት ውስጥ አስቀመጠው። በእኔ አስተያየት የዚህ ሁሉ ታሪክ ማጠፊያ ይህ ነው። ያን ባያደርግ ኖሮ ቴርመስ የአንድ ሰው ማስታወሻ ሆኖ ይቀር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1976 አሊስ ቺየን እና ባልደረቦቿ ከዚሁ ባክቴሪያ ዲኤንኤን የሚገለብጠውን ኢንዛይም አጣርተው አወጡ። ኢንዛይሙ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ሙቀት ከሁሉ ይበልጥ ይሠራል። ለምን እንደሚጠቅም ግን ለጊዜው ግልጽ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. 1983–1991፦ የሚባዛው ቁራጭ

ጥቅሙ የታወቀው በሌላ ሰው ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሲተስ በተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ የሚሠራው ኬሪ ሙሊስ ዲኤንኤን በሙከራ ቱቦ ማባዛት የሚቻልበትን ዘዴ፣ ፒሲአርን፣ አሰበ። አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለቱን የዲኤንኤ ክሮች በሙቀት ታለያያለህ፤ ታቀዘቅዝና የምትፈልገውን ቦታ የሚያመለክቱ አጫጭር ቁራጮች እንዲጣበቁ ታደርጋለህ፤ ከዚያ ኢንዛይሙ ክሩን ይሞላዋል። እንደገና ታሞቃለህ። በየዙሩ እጥፍ እየሆነ ከሠላሳ ዙር በኋላ አንዱ ቁራጭ ከቢሊዮን ይበልጣል።

ችግሩ በኢንዛይሙ ላይ ነበር። መጀመሪያ ይጠቀሙበት የነበረው ከሰው አንጀት ባክቴሪያ የወጣ ነው፤ ክሮቹን ለማለያየት የሚያስፈልገው 95 ዲግሪ ሙቀት እንደ እንቁላል አስኳል ያበስለዋል። ስለዚህ በየዙሩ አዲስ ኢንዛይም መጨመር ነበረባቸው። ያን ጊዜ የቴርመስ ኢንዛይም ታሰበ። ኩባንያው ከክምችቱ ባክቴሪያውን በ35 ዶላር አዘዘ። እ.ኤ.አ. በ1988 ራንዳል ሳይኪ እና ጓደኞቹ ይህን ኢንዛይም ተጠቅመው የሠሩትን አሳተሙ፤ አንዴ ቱቦው ውስጥ ከገባ ዙሩ እስኪያልቅ ይሠራል። ለ40 ደቂቃ ያህል 95 ዲግሪ ላይ ቢቆይ እንኳ ግማሽ ያህል ኃይሉ ይቀረዋል።

እ.ኤ.አ. በ1991 ሮሽ የተባለው ኩባንያ የፒሲአርን መብት በ300 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ሙሊስ እ.ኤ.አ. በ1993 የኬሚስትሪ ኖቤል ተቀበለ። ውሃውን ለሰጠው ፓርክ ከገንዘቡ አንድም አልደረሰውም፤ ያኔ ድርሻ የሚያሰጠው ሕግም አልነበረም። ይህ ነገር ወደ አገራችን ሲመለስ እናየዋለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የኢንዛይሙ ዘረ መል ተቆርጦ በአንጀት ባክቴሪያ በኢ ኮላይ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ዓለም የሚጠቀመው የቴርመስ ኢንዛይም በአብዛኛው የሚመረተው 37 ዲግሪ ላይ፣ በሚመች ባክቴሪያ ውስጥ ነው። መሣሪያው ከፍል ውሃው ቤት ወጣ፤ ባለቤቱ ግን እዚያው ቀረ።

እ.ኤ.አ. 1984–1986፦ ሁሉንም ከሥሩ መሥራት

ባለቤቱን በቤቱ ለማሠራት የፈለጉት ሰዎች ያጋጠማቸው ችግር ከላይ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ሳይንቲስቶች ባክቴሪያን የሚያሳድጉት አጋር በሚባል ከባሕር ሣር በሚወጣ ጄሊ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ሴል ተባዝቶ ነጠብጣብ ይሠራና የፈለጉትን ይለቅማሉ። አጋር ግን 85 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ከዚያ በታችም ቢሆን በረጅም ሙቀት ይላላል፣ ይደርቃል። ነጠብጣብ ከሌለ መልቀም የለም። እ.ኤ.አ. በ1984 ጌላን በሚባል ሌላ ጄሊ መተካት እንደሚቻል ታየ። ሙቀቱ ሲጨምር ጸንቶ ይቆያል። ይህን ግኝት እኔ ከኖቤሉ አሳንሼ አላየውም፤ ከዚያ በኋላ ከተሠራው ብዙው በእርሱ ላይ ነው የቆመው።

ሁለተኛው ችግር ከበድ ይላል። አንድ ዘረ መል ወደ ባክቴሪያ ስታስገባ ከሚሊዮን ሴሎች የተቀበሉት ጥቂቶች ናቸው። እነርሱን ለመለየት፣ ከምትፈልገው ዘረ መል ጋር ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትን የሚያከሽፍ ሌላ ዘረ መል ታስገባለህ፤ መድኃኒቱን ስታፈስ የተቀበሉት ብቻ ይተርፋሉ። መድኃኒቱ ካናማይሲን ሙቀትን ይችላል። የሚያከሽፈው ፕሮቲን ግን ከተራ ባክቴሪያ የመጣ ነው፤ 60 ዲግሪ ላይ ይበስላል።

በጃፓንና በአሜሪካ የሚሠሩ ሁለት ቡድኖች እ.ኤ.አ. በ1985 እና በ1986 ለዚህ ያገኙት መፍትሔ እጅግ ይማርከኛል። ሙቀቱን ራሱን ፈታኝ አደረጉት። ዘረ መሉን ባሲለስ ስቴሮተርሞፊለስ በተባለ ሙቀት ወዳጅ ባክቴሪያ ውስጥ አስገቡና ከካናማይሲን ጋር ከ60 ዲግሪ በላይ አሳደጉት። አብዛኛው ሞተ። የተረፉት ጥቂቶች የተሸከሙት ዘረ መል ሲነበብ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ተቀይሮ፣ ፕሮቲኑም ሙቀት ቻይ ሆኖ ተገኘ። ሰው አልነደፈውም፤ ባክቴሪያው ራሱ በሞት ደጃፍ ላይ አበጀው። ይህ የተስተካከለ ዘረ መል ዛሬም በብዙ ላቦራቶሪዎች ያገለግላል።

ሦስተኛው ችግር በር ነበር፦ ዲኤንኤው እንዴት ይግባ? በጃፓን ኢዙ በምትባል ቦታ ከምትገኝ ምንጭ የተለየው ቴርመስ ተርሞፊለስ መልስ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1986 ኮያማ እና ባልደረቦቹ ይህ ባክቴሪያ በዙሪያው ያለውን ዲኤንኤ ሳይገደድ በራሱ እንደሚስብ አሳዩ። ዲኤንኤውን ባሳደጉበት ውሃ ውስጥ መጨመር በቂ ነበር።

1986 ዓ.ም.፦ ኤች አይ ቪ እና ጉለሌ

በውጭ የሰው እጅ ፍል ውሃውን መክፈት ሲጀምር፣ በአገራችን ሌላ ወረርሽኝ ሰፍቶ ነበር። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። በ1986 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በጉለሌው ግቢ ተቋቋመ። ከአቃቂ ፋይበር ፋብሪካና ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ጋር ለዓመታት የዘለቀ ክትትል አካሄደ።

ቫይረሱ ምን ያህል በደም ውስጥ እንዳለ ለመለካት፣ ምን ዓይነት ዝርያ እንደሆነም ለማወቅ፣ ዘረ መሉን ማባዛት ዋናው መንገድ ነው። ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የቴርመስ ኢንዛይም ማለት ነው። የጉለሌ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጽሑፍ በአገራችን የተሠራጨው ቫይረስ ሲ የሚባለው ንዑስ ዓይነት መሆኑን፣ በውስጡም ለብቻው የሚቆም ሌላ ቅርንጫፍ እንዳለ አሳዩ። ከአርባ ዓመት በፊት አይጥ እስኪታመም ይጠበቅበት በነበረበት ግቢ የቫይረሱ የዘር ፊደል ይነበብ ጀመር። በ1988 ዓ.ም. የጉለሌው ተቋም ከኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ጋር ተዋሕዶ የኢትዮጵያ የጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ሆነ፤ የአሁኑ ስሙ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

1989–1995 ዓ.ም.፦ ፋጉሎ፣ ላባ እና የሶዳ ሐይቆች

ሻላን፣ አቢያታን፣ ጪቱን የሚያውቅ ሰው በስምጥ ሸለቆአችን ውሃ እንደ ሳሙና የሚያሟልጭ መሆኑን ያውቃል። ሶዳ ነው። በሻላ ዳር ደግሞ የፈላ ምንጭ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አማረ ገሠሠ ከብርሃኑ ጋሼ ጋር ሆኖ በእነዚህ አካባቢዎች የሚኖሩ ባክቴሪያዎችን ኢንዛይም ያጠናው በዚህ ዘመን ነው።

የሥራቸውን ወግ የምወድበት ምክንያት ከእጅ በሚገኝ ነገር በመሥራታቸው ነው። ባክቴሪያን ለመመገብ ከውጭ የሚመጣ ውድ ምግብ አልፈለጉም፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ አንድ ጥናት ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ ከሚቀረው የኑግ ፋጉሎ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ማምረት እንደሚቻል ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1998 አማረ በሙቀትም በሶዳም የማይበገሩ ሁለት ዛይላኔዝ ኢንዛይሞችን አጣርቶ አሳተመ። እነዚህ ለወረቀት ፋብሪካ ይጠቅማሉ፤ የእንጨቱን ጥፍጥፍ በብዙ ክሎሪን ከማንጣት ያድናሉ። ቆየት ብሎ ከስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር በሠሩት ሌላ ሥራ ባክቴሪያዎቹ የዶሮ ላባ እየበሉ ኢንዛይም እንዲያመርቱ ተደረገ። የሚጣል ላባ ምግብ ሆነ።

ይህ የመጀመሪያው ዓይነት ሥራ ነው፦ ኢንዛይሙን ማውጣት። በዚያን ጊዜ በዓለም ከተሠራው የሚያንስ አልነበረም። ነገር ግን በዚያው ወቅት ከድንበሩ ማዶ ያለው ጨዋታ ይለወጥ ነበር።

እ.ኤ.አ. 2003–2014፦ በረሃብ መምረጥ

በ85 ዲግሪ ለሚኖር ተሕዋስ የካናማይሲኑ ዘዴ አይሠራም። ቴርሞኮከስ ኮዳካሬንሲስ፣ በጃፓን ኮዳካራ ደሴት ዳር ከፈላ ውሃ የወጣ፣ ባክቴሪያ ሳይሆን አርኪያ ከሚባለው ወገን የሆነ ተሕዋስ፣ ለብዙዎቹ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ደንታ የለውም። በኪዮቶ የኢማናካ ቡድን መድኃኒትን ትቶ ረሃብን መረጠ።

ሴሎች ሁሉ ዩራሲል የሚባል ነገር ይፈልጋሉ፤ በራሳቸው ይሠሩታል ወይም ከውጭ ይወስዱታል። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ ዩራሲልን የሚሠራውን ዘረ መል ያጡ ሴሎችን መረጡ፤ ይህንም ያደረጉት ዩራሲልን በራሱ የሚሠራውን ሁሉ በሚመርዝ ኬሚካል ነው። ከዚያ የጠፋውን ዘረ መል ሊቀይሩት ከፈለጉት ነገር ጋር አያይዘው መለሱትና ዩራሲል በሌለበት ምግብ ላይ አሳደጉት። የተቀበለ ኖረ፤ ያልተቀበለ ተራበ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ይህ ጽሑፍ ከ80 ዲግሪ በላይ በሚኖር ተሕዋስ ውስጥ የታለመ ዘረ መል ሲሰረዝ ከታየባቸው የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሮች ተፋጠኑ። ቫልካኖ ከምትባል የጣሊያን ደሴት ዳር የተገኘው፣ 100 ዲግሪ ላይ የሚመቸው ፓይሮኮከስ ፉሪዮሰስም እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ ዘረ መሉን መለወጫ መሣሪያ አገኘ። ወደ ነዳጅ የተጠጋው ግን ከሩሲያ ካምቻትካ ምንጮች የተገኘው ካልዲሴሉሎሲሩፕተር ነው፤ የሣርን ግንድ ሳያበስሉለት ይበላል። እንግዳ ዲኤንኤ ሲገባበት ግን ጠባቂ ኢንዛይሞቹ ይቆራርጡታል። በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የጃኔት ዌስትፌሊንግ ቡድን ያገኘው መንገድ የሚገባው ዲኤንኤ ላይ የባክቴሪያውን ምልክት አስቀድሞ መለጠፍ ነበር፤ ጠባቂው የቤት ሰው መስሎት ያሳልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ይኸው ባክቴሪያ ሣር ወስዶ በአንድ ቱቦ ኤታኖል አወጣ። ኤታኖሉን የሚሠራው የተጨመረው ኢንዛይም ግን ከሌላ ባክቴሪያ የመጣ ስለነበር የባለቤቱን ሙቀት አልቻለም፤ ሙቀቱን ወደ 65 ዲግሪ ማውረድ ግድ ሆነ። 

አገራችን ይህን ነዳጅ የምታውቀው ከሌላ መንገድ ነው፤ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ በእርሾ አብላልቶ የሚያወጣው ኤታኖል በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ጀምሮ ነበር።

1998–2007 ዓ.ም.፦ የማን ውሃ?

በየሎውስቶን ያልተመለሰው የጥቅም ጥያቄ በአፍሪካም ተነሣ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2004 ከሶዳ ሐይቆቿ ያለ ፈቃድ በወጡ ተሕዋስያን ላይ የጥቅም ድርሻ ጠየቀች። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የጀነቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482ን አወጣች። ከዚያ ወዲህ ከሻላ አንድ ብልቃጥ ጭቃ መውሰድ የሚፈልግ ተመራማሪ ፈቃድና ስምምነት ይጠየቃል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የደህንነተ ሕይወት አዋጅ 655 ደግሞ ዘረ መላቸው የተለወጠ ፍጥረታትን በተመለከተ እጅግ ጥብቅ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሎ ለምርምር በር ከፈተ።

ሁለቱ አዋጆች አንድ ላይ ሲታዩ የዚህ ታሪክ ሁለት ዓይነት ሥራዎች በሕግ ቋንቋ ተጻፉ ማለት ነው፦ አንዱ ተሕዋሱ ከቤቱ የሚወጣበትን፣ ሌላው ዘረ መሉ የሚቀየርበትን ይመለከታል።

እ.ኤ.አ. 2017–2019፦ መቀሱም ሙቀት ቻለ

ክሪስፐር የሚባለው የዘረ መል መቀስ ከእ.ኤ.አ. 2012 ወዲህ ዓለምን አጥለቅልቆ ነበር፤ ነገር ግን ካስ9 የተባለው ፕሮቲን የመጣው የሰውን ጉሮሮ ከሚያሳምም ባክቴሪያ ነው፤ ሙቀቱ ከሰውነት ሙቀት ብዙ ከፍ ሲል ይዝላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለት ቡድኖች በሙቀት ወዳጅ ባክቴሪያዎች ውስጥ የራሳቸውን ካስ9 አገኙ፤ አንዱን የአሜሪካዊቷ ተመራማሪ የጄኒፈር ዱድና ቡድን፣ ሌላውን የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ከብስባሽ ክምር በተለየ ባክቴሪያ። ሁለቱም እስከ 70 ዲግሪ ይቆርጣሉ። ከዚህ በኋላ ፍል ውሃው ቤት ውስጥ መሥራት የጥቂት ብልሃተኞች ሥራ ብቻ አልሆነም።

የሕይወት ወሰን የት ነው የሚለው ጥያቄ ደግሞ በአገራችን ምድር ተፈተነ። ዳሎል ላይ ጨው፣ አሲድና ሙቀት አንድ ላይ ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ቡድን ከጨው ምሰሶዎች ውስጥ እጅግ ደቃቅ ተሕዋስያን አየሁ ሲል፣ በፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያ የሚመራ ሌላ ቡድን ደግሞ አሲድና ጨው በተባበሩባቸው ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት የለም አለ። እንግዲህ ሙቀት ብቻውን አይገድልም፤ ቦታውን ባዶ የሚያደርገው ምናልባት የጨውና የአሲድ መጣመር ነው።

2012 ዓ.ም.፦ በጉለሌ 95 ዲግሪ

ኮቪድ ሲነሳ ከአገራችን የተጠረጠረ ናሙና መጀመሪያ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር። ከዚያ የጉለሌው ኢንስቲትዩት ራሱ መመርመር ጀመረ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሰው፣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ፣ በሽታው እንዳለበት ተነገረ።

በዚያ ሰሞን ሌሊቱ ሙሉ የተሠራው ሥራ ይህ ነው፦ የቫይረሱ አርኤንኤ ወደ ዲኤንኤ ይገለበጣል፤ መሣሪያው ወደ 95 ዲግሪ ይወጣል፤ ክሮቹ ይለያያሉ፤ ይቀዘቅዛል፤ ኢንዛይሙ ይሞላል። እንደገና 95። አርባ ጊዜ ያህል። የኦሞ ሸለቆው ሕመምተኛ ሳምንታት ይጠብቀው የነበረ መልስ በሰዓታት ይወጣል።

ያ ኢንዛይም መነሻው ከእንጉዳይ ምንጭ ወጥቶ በ35 ዶላር የታዘዘው ባክቴሪያ ነው፤ የሚመረተው ግን በአንጀት ባክቴሪያ ውስጥ ነው። ከግቢው ደጃፍ ቁልቁል ሲወረድ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ወርዶ ደግሞ እቴጌ ጣይቱ ቤት ያሠሩበት ፍልውሃ አለ። ሰው ዛሬም ለቁርጥማቱ ይታጠብበታል።